ጅሬን ላይ የእናት ቤት ላላችሁ

ከጅማ መርካቶ ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ጅሬን ስትወጡ ከተማው የት ጋ እንዳለቀ አይታወቅም። ድሮ ይታወቅ ነበር። አስፋልቱ ያልቃል፣ ቡናው ይጀምራል፣ ውሻ ይጮኻል፤ በቃ ገጠር ገብታችኋል። አሁን ቡናው መሀል ፎቅ ቤት ብቅ ይላል። ከጎኑ የጭቃ ቤት አለ፣ ከጭቃው ቤት ጀርባ ደግሞ ለኪራይ የተሠራ መደዳ ክፍል። የኛ ቤት የጭቃው ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ውጭ ተቀምጣችሁ እዚያ ዳገት ላይ ወይም በሌላ የጅማ ዳር የእናት የአባት ቤት ላላችሁ ነው። መሀል ከተማ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ እለፉት፤ የእናንተ ጣጣ ሌላ ነው።

ጅሬን የከተማ ዳር ሆኖ አልተወለደም። አባ ጅፋር ሁለተኛ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ መቀመጫቸው እዚያ ነበር። ገበያው ታች ሂርማታ ነው። የዛሬዋ ከተማ ያደገችው በገበያው በኩል ሲሆን፣ ጣሊያንም በወረራው ዘመን የገነባው ታች ሜዳው ላይ ነው። ላይኛው መንደር መንደር እንደሆነ ቆየ። ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ሆነ፣ በዙሪያው ያለው ሰው ቡናውን እየለቀመ ኖረ። ከተማው ዞሮ የደረሰበት በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። እንዲህ ባለ ሰፈር ድንበር የኖረው በሰው አፍ ነው። «ከዋንዛው እስከ ቦዩ» ይባላል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጽፍም። ወረቀቱ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ለአንዳንዱ ቤት ጭራሽ አልመጣም። ስለዚህ ከውጭ ሆናችሁ የምትጠብቁት ሁለት ነገር ነው፦ ወረቀቱንና የሚያውቃችሁን ሰው። አብዛኞቻችን ወረቀቱ ላይ ብቻ እንሮጣለን። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

መጀመሪያ መሬታችሁ በማን እጅ እንደሆነ እወቁ። አንዱ ቤተሰብ ውስጥ ቤቱ ያረፈበት ቦታ በከተማው አስተዳደር ሥር ሊሆን ይችላል፣ ከኋላ ያለው ቡና ደግሞ ገና የገጠር መሬት ደብተር ላይ። ሁለቱ ሕጋቸው ለየቅል ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠሩም የከተማውም መሬት የመንግሥት ሆኗል፤ አሁንም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የምትሸጡት ቤት ነው። የገጠር ደብተር ላይ ያለውን ቡና «ሸጥንላችሁ» የሚል ሰው ቢደውል ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ስሙን ጻፉ። ይጠቅማችኋል።

ካርታ የሌለው ነባር ይዞታ ከሆነ ዛሬ ነገ አትበሉ። የግብር ደረሰኝ፣ የድሮ የመብራትና የውሃ ቢል፣ እናታችሁ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው ቢጫ ወረቀት ሁሉ ይፈለጋል። ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ግብሩ በየዓመቱ መከፈሉን አረጋግጡ፣ ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠም እዩ። በሚከፍልላችሁ የአጎት ልጅ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ማስረጃ ነው የሚሆነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ይገባል። ወንድም ለወንድሙ «በሽያጭ ብናደርገው ይቀላል» ሲል ይህን ረስቶ ነው። ውርስ ከሆነ በውርስ አስጨርሱት።

ወደ ውርስ ከገባን፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጆች እኩል ናቸው፤ ያስታመመም ውጭ ያለም። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል። ሁሉም ከተስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መጨረስም ይቻላል፤ ጅማ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሄደው በዚያ ነው። አንዱ ወራሽ ካልተስማማ ግን በግድ አይሆንም። ጊዜም አለው። ሌላው ንብረቱን እንደያዘና መብታችሁን እንዳወቃችሁ የሦስት ዓመት ይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ፣ ይቆጥራል። «ለቅሶው ይውጣ፣ እህቴን አላስቀይምም» እያላችሁ አራተኛው ዓመት ይገባል።

አሁን ወደ ውክልናው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከጀርመን ሆኜ ለአጎቴ ልጅ ውክልና ላክሁ። ጠቅላላ ውክልና ነው፣ «ስለ እኔ ሆኖ ማናቸውንም እንዲፈጽም» የሚል ወፍራም አማርኛ። በጣም ኮርቼበት ነበር። በዓመቱ ከጎናችን ቤት የገዛ አዲስ ጎረቤት አጥሩን ሲያድስ ሁለት ሜትር ያህል ወደኛ ገባ። የአጎቴ ልጅ ክስ ሊያቀርብ ሄደ፣ በውክልናው መከራከር አትችልም ተባለ። ትክክል ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመክሰስና ለመከሰስ፣ ለመታረቅ እያንዳንዱ በግልጽ መጻፍ አለበት። እንደገና ቆንስላ ቀጠሮ፣ እንደገና አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጅማ። አራት ወር ፈጀ። አጥሩ በነዚያ አራት ወራት ብሎኬት ሆነ።

ስለዚህ የምትፈልጉትን ሥራ በስሙ ጻፉ፦ ግብር መክፈል፣ ካርታ ማውጣት፣ ማከራየት፣ መከራከር። መሸጥን ካልፈለጋችሁ አታስገቡ፤ ወኪሉ ቅር ቢለው ይበለው። እናታችሁ በሕይወት ሳለች የሰጠቻችሁ ውክልና ካለ ደግሞ እሷ ስታርፍ አብሮ ያበቃል። በዚያ ወረቀት ቢሮ ገብቶ የሚፈርም ሰው ራሱንም እናንተንም ያስጠይቃል።

ጅማ ቢሮዎቹ የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ከኤምባሲ በአማርኛ የወጣ ወረቀት ትርጉም ሊጠየቅ ይችላልና አስቀድማችሁ አስቡበት። ከዚህ የሚብሰው የስም ነገር ነው። በቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ «ጠ» የሚጻፈው በኤክስ ነው፣ «ጨ» በሲ። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ስም ሌላ ይመስላል። አባቴ በቀበሌ መዝገብ አንድ ሰው ነው፣ በኔ ፓስፖርት ሌላ ሰው። ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ሳይቸግራችሁ አውጡ። የውጭ ዜግነት የወሰዳችሁ ደግሞ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድምና የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ እንዳይቃጠል ተከታተሉ።

ወደ አጥሩ ልመለስ። አዲሱ ውክልና ሲደርስ ክሱ ተከፈተ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነ። ጥር ላይ እረፍት ወስጄ ሄድኩ። ጎረቤታችን አዛውንቱ፣ አባባ ነው የምላቸው፣ ጉዳዩን ሰምተው ዝም ብለው ቆዩ። በማግስቱ ጠዋት ዶማ ይዘው መጡ። «ነይ ልጄ» አሉኝ። ከብሎኬቱ ማዶ፣ የጎረቤቱን ልጅ አስፈቅደው፣ አንድ ቦታ ቆፈሩ። ምንም የለም። አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ደገሙ። ከአፈሩ ውስጥ ብርቱካንማ ሥር ወጣ። አያቴ ድንበሩ ላይ የተከለችው ዕፀ ፓጦስ ነው። «አያትሽ ስትተክል ችግኙን ይዤላት የነበርኩት እኔ ነኝ። ግንዱን ይቆርጡታል እንጂ ሥሩን ማን ይነቅለዋል?» አሉ። ከዚያ በመስመር ሦስት ቦታ ቆፈሩ፣ ሦስቱም ላይ አገኙ። ከሰዓት በኋላ አራት ሽማግሌዎች መጥተው አዩ። ጎረቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻጩ ያሳየውን ነው ያጠረው። በእርቅ አለቀ፣ እርቁም ለፍርድ ቤቱ ገብቶ ተመዘገበ። «ለመታረቅ» የምትለዋን ቃል በውክልናው ስላስገባሁ ተመስገን አልኩ።

አባባ ይህን ያደረጉት ስለሚወዱን ብቻ አይመስለኝም። እናቴ ከሞተች በኋላም የእድራችን መዋጮ አልተቋረጠም። ብሩ ትንሽ ነው። በየወሩ ስማችን ሲጠራ «አለ» የሚል ሰው መኖሩ ነው ነገሩ። እድሩን በዓመት አንዴ በጅምላ አትክፈሉ፤ ሰው ወክሉና በየወሩ ይገኝ። ለቅሶ ሲኖርም ደውሉ። እኔ የምደውለው ማታ ነው፣ ሐሙስን ግን እተዋለሁ፤ የገበያ ቀን ነው፣ ሁሉም ደክሞት ነው የሚገባው።

ቤቱን ባዶ አትተዉት። የጭቃ ቤት ሰው ካልገባበት ምስጥ ይገባበታል። በሩ ሥር ቀጭን የአፈር መስመር ካያችሁ ማገሩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ተከራይ ስታስገቡ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፣ ግቢውን ማን እንደሚያጸዳና ቡናውን ማን እንደሚለቅም ጭምር። ቡናው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይቀላል። እኩል ነው ሲሶ ነው የሚለውን ቡናው ሳይቀላ ጨርሱ፤ ከቀላ በኋላ የሚደረግ ክርክር መቼም አያምርም።

ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፣ ጅሬን ደግሞ ዳገት። ቤት የሚያፈርሰው ጎርፉ ነው። ምርጉና አሸንዳው ከበልግ በፊት፣ በጥርና በየካቲት መታየት አለበት። በቪዲዮ ስትደውሉ ሁሌ ሳሎኑን ነው የሚያሳዩአችሁ፣ ሶፋውንና አዲሱን መጋረጃ። ስልኩን ይዘው በጓሮ በር እንዲወጡ ለምኑአቸው። መጀመሪያ ቦዩን አሳዩኝ በሉ፣ ቀጥሎ የግድግዳውን እግር፣ ከዚያ አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ። ባለፈው እህቴ «ምን እንዲህ ትጨቀጭቂያለሽ» ብላኝ ወጣች፣ ቦዩ በሙዝ ቅጠል ተደፍኖ አገኘችው።