ለፌሬት አደን የሚሆን የከረጢት መረብ በእጅ አሠራር

በእንግሊዝ አገር ገጠር ከጥቅምት አንስቶ እስከ የካቲት ድረስ፣ ቅጠሉ ረግፎ ቁጥቋጦው ሲሳሳና በየአጥሩ ሥር የጥንቸል ጉድጓዶች አፋቸው ሲገለጥ፣ ገበሬዎችና የአደን ወዳጆች ፌሬት የምትባለውን እንስሳ በእንጨት ሣጥን አንግበው ወደ ማሳ ዳር ይወጣሉ። ፌሬት ሙጭልጭላ የምትመስል፣ ቀጭንና ረዘም ያለች፣ ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጋር የለመደች እንስሳ ናት፤ ሥራዋም ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ጥንቸሎቹን ማባረር ነው። ጥንቸሏ ሸሽታ በሌላው አፍ ስትወጣ በዚያ የተዘረጋ መረብ ይቀበላታል። ስትመታው በመረቡ ዙሪያ የተሰካው ገመድ ይሳብና እንደ ገንዘብ ከረጢት አፉን ይገጥማል፤ የከረጢት መረብ መባሉም ለዚህ ነው።

አገር ቤት ጥንቸል የምንላትን እያሰበ የሚያነብ ሰው መረቡ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተሠራ ቶሎ ላይገባው ይችላል። የእኛዎቹ ሣር ውስጥ ተኝተው ይውላሉ እንጂ ዋሻ አይቆፍሩም፤ ሰው ሲቀርባቸውም ሜዳውን ይዘው ይፈተለካሉ። የአውሮፓዋ ጥንቸል ግን ሌላ ዘር ናት፤ ብዙ ሆና ምድር ለምድር መተላለፊያ ትቆፍራለች፣ አንዱ መኖሪያም ብዙ አፍ ይኖረዋል። እያንዳንዱ አፍ የራሱ መረብ ያስፈልገዋል፤ ሳይሸፈን የቀረ አንድ አፍ የቀኑን ድካም ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ 20 ወይም 30 መረብ ይዞ መውጣት የተለመደ ነው፤ መረቡን ራሱ የሚሠራ ሰው የሚበዛውም አንድም ከዚህ የተነሣ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ግሪካዊው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦ፣ በዛሬዋ ስፔን ጥንቸል ያስቸገራቸው ሰዎች አፏን የለጎሟትን እንስሳ ወደ ጉድጓድ እየሰደዱ ያስወጧቸው እንደነበር መዝግቧል።

እኔ እዚህ የማስረዳው ስለ አደኑ ሳይሆን ስለ መረቡ ነው። ጥንቸል ለመብላት እምነቱ የማይፈቅድለት፣ ማደንም የማይፈልግ ሰው እንኳ ይህን ሙያ በክረምት ምሽት ቢይዘው አይቆጨውም፤ እጅን የሚያሠራ፣ ሐሳብን የሚሰበስብ ሥራ ነውና። በሁለት ምሽት አንድ መረብ ይወጣል፤ እጅ ሲለምድ ደግሞ በአንድ ምሽት።

መጀመሪያ የሚመረጠው ሲባጎው ነው። ከሄምፕ ተክል ቃጫ የተፈተለና ከናይሎን የተሠራ ይገኛል፤ ለሁለቱም ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያለው ውፍረት ይስማማል። ናይሎኑ አይበሰብስም፣ ክብደቱ ይቀላል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ሄምፑ ግን ከበድ ስለሚል መሬት ላይ እንደተዘረጋ ይተኛል፣ ነፋስ አያነሣውም፣ ሻካራ በመሆኑም ቋጠሮው ነክሶ ይይዛል። ለጀማሪ የምመክረው ሄምፑን ነው። ናይሎን ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ባልለመደ እጅ የተቋጠረው ቋጠሮ ይንሸራተታል፣ ዓይኑም፣ ማለትም የመረቡ ቀዳዳ፣ ከጊዜ በኋላ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ይሆናል። በናይሎን የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ቋጠሮ ሁለት ጊዜ ቢያጠብቅ ይሻለዋል።

ከሲባጎው ሌላ መርፌና መለኪያ ያስፈልጋሉ። የመረብ መርፌ ከልብስ መርፌ ጋር በስም እንጂ በመልክ አይገናኝም፤ ይልቅስ የሸማኔን መወርወሪያ ያስታውሳል፤ ሲባጎውን ሆዱ ውስጥ ይዞ ይመላለሳልና። ርዝመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወርዱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ነው፤ አንዱ ጫፉ የሾለ፣ ሌላው መንታ ሲሆን፣ በሾለው ወገን መካከሉ ተቀዶ ቀጭን ምላስ ተትቶለታል። ሲባጎው ምላሱን ዞሮ ወደ መንታው ይወርዳል፤ መርፌው ይገለበጥና በሌላው ገጽ ደግሞ ወጥቶ ምላሱን ይዞራል፤ እንዲህ እየተገለባበጠ ይሞላል። ከመጠን በላይ የተሞላ መርፌ ዓይኑ ውስጥ አላልፍ እያለ ሥራውን ስለሚያጓትት ማሳነሱ ይመረጣል።

መለኪያው ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ወርድና 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስስ ጣውላ ነው። የዓይኑን መጠን የሚወስነው ይህ ስለሆነ ወርዱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት፤ ጠርዙም ሲባጎ እንዳይዝ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይለሰልሳል። ዓይኑ ከዚህ ብዙ ቢሰፋ ትንሿ ጥንቸል ታልፍበታለች፤ ብዙ ቢጠብ ደግሞ ጥንቸሏ ሳትጠላለፍ ተመትታ ትመለሳለች።

የመረቡ ልክ የሚታሰበው በዓይንና በረድፍ ነው። ወርዱ 16 ዓይን፣ ርዝመቱ 24 ረድፍ ይሁን፤ እያንዳንዱ ረድፍ ሲወጠር 5 ሴንቲ ሜትር ስለሚጨምር መረቡ ተለጥጦ 1.20 ሜትር ይሆናል። አንዷ ዓይን ከነቋጠሮዋ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ሲባጎ ስለምትወስድ ለ384ቱ ዓይን 46 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለመቀጣጠያው ጨምሮ 50 ሜትር ማዘጋጀት በቂ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከቀለበት ነው። ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የማይዝጉ የብረት ቀለበቶች ይዘጋጃሉ። አንደኛው በደረት ከፍታ በተመታ ምስማር ላይ ይሰቀላል፤ የሲባጎው ጫፍም በእሱ ላይ ይታሰራል። መለኪያው በግራ እጅ ከቀለበቱ ሥር ይያዝና ሲባጎው በፊቱ ወርዶ፣ ከታች ዞሮ፣ በጀርባው ወጥቶ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል፤ በቀለበቱ ብረት ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞም ይጠብቃል። ይህ አንድ ዓይን ነው። 16 እስኪሞሉ ይደገማል። ከዚያ መለኪያው ይመዘዝና ቀለበቱ ይገለበጣል፤ መጨረሻ የተሠራው ዓይን ወደ ግራ ይመጣል፤ ሁልጊዜም ከግራ ወደ ቀኝ ይሠራል።

ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ የሚመጣው ቋጠሮ የመረቡ ነገር ሁሉ የሚያርፍበት ስለሆነ ቀስ ብሎ መማር ይገባል። መለኪያው ከተንጠለጠሉት ዓይኖች ሥር ይያዛል። ሲባጎው እንደ ቀድሞው በፊቱ ወርዶ በጀርባው ይወጣል፤ መርፌው በመጀመሪያው ዓይን ውስጥ ከኋላ ወደ ፊት ያልፋል። አሁን ሲባጎው ወደ ታች ሲሳብ የዓይኑ ግርጌ ወርዶ የመለኪያውን የላይ ጠርዝ ይነካል። ልክ እንደነካ የግራ አውራ ጣት እዚያው ላይ ይጫነዋል። ቀጥሎ ሲባጎው ልል ሆኖ ወደ ግራና ወደ ላይ ይወረወርና በዓይኑ ላይ ክብ ሠርቶ ይተኛል። መርፌው በዓይኑ በሁለቱም እግሮች ጀርባ ከቀኝ ወደ ግራ ያልፍና በተወረወረው ክብ ውስጥ ወደ ፊት ይወጣል። ከዚያም አውራ ጣቱ ሳይነሣ ሲባጎው ወደ ታች ጠበቅ ተደርጎ ይሳባል።

ጥፋት የሚፈጠረው በዚህች ቅጽበት ነው። አውራ ጣቱ ቀድሞ ቢነሣ ክቡ ዓይኑን ሳይነክስ ሾልኮ ወደ ታች ይወርድና ቋጠሮው ሲባጎውን ብቻ ይይዛል፤ ለዓይን ትክክል ይመስላል፣ ሲጎትቱት ግን እንደ ሸምቀቆ ይሄዳል። ትክክለኛው ቋጠሮ ከአውራ ጣቱ በላይ ሆኖ የዓይኑን ሁለት እግሮች አንቆ ይቀመጣል፤ ሲጠብቅም እጅ የሚያውቀው ትንሽ የመንከስ ስሜት አለው። እኔ በመጀመሪያው መረቤ ይህን ሳላስተውል ስምንት ረድፍ ከሄድሁ በኋላ ሁለት ዓይን በጣቶቼ ለይቼ ብስባቸው ቋጠሮው አብሮ መጣ። ሌሎቹንም ስፈትሽ ከግማሽ በላይ እንዲሁ ነበሩ፤ ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ጀመርሁ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ረድፍ ስጨርስ ዓይኖቹን ሁለት ሁለት እያደረግሁ ወደ ጎን እለጥጣቸዋለሁ። ይህ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ የተንሸራተተ ቋጠሮ በሜዳ ላይ ጥንቸሏን ወይ አምልጣ ቆስላ እንድትሄድ ወይ ያለ አግባብ ተጠላልፋ እንድትሠቃይ ስለሚያደርግ ደቂቃዋን መስጠት ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው የጀማሪ ስሕተት ቆጠራ ነው። ረድፉ ባለቀ ቁጥር ዓይኖቹ ይቆጠሩ፤ 16 ካልሆኑ የጠፋችው ብዙውን ጊዜ በዳር ያለችው የመጨረሻዋ ዓይን ናት፤ ከጎኗ ጋር ተጣብቃ ስለምትሰቀል ሳትታይ ትታለፋለች። እዚያው ፈትቶ ማረም ቀላል ነው፤ ከአምስት ረድፍ በኋላ የተገኘች ግን ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ታስቸግራለች።

መርፌው ባዶ ሲሆን አዲሱ ሲባጎ ከአሮጌው ጋር በረድፉ ዳር ቢቀጠል ጥሩ ነው፤ መሐል ላይ የተቀጠለ እንደ ጉብታ ይያዛል። 24ኛው ረድፍ ሲያልቅ 16ቱም ዓይኖች በቅደም ተከተል በሲባጎው ይሰኩና ተሰብስበው ከሁለተኛው ቀለበት ጋር ይታሰራሉ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ መረቡ ይጠመዘዛልና አይቸኮል። አሁን በእጅ ያለው ነገር ሁለት ጫፉ የተሰበሰበ፣ መሐሉ የሰፋ መረብ ነው።

የቀረው መሳቢያው ገመድ ነው። ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ተጎንጉኖ የተሠራ ለስላሳ ገመድ 3.5 ሜትር ያህል ይቆረጣል። ከመጀመሪያው ቀለበት ተነሥቶ በአንዱ ጎን ያሉትን የዳር ዓይኖች አንድም ሳይዘል እያለፈ ወደ ሁለተኛው ቀለበት ይደርሳል፤ በእሱ ውስጥ ሾልኮ በሌላው ጎን እንዲሁ ይመለስና በመጀመሪያው ቀለበት ውስጥ ይወጣል። ሁለቱ ጫፎች አንድ ላይ ሆነው ችካሉ ላይ ይታሰራሉ፤ በቀለበቱና በችካሉ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ይተው። ቀለበቶቹ በገመዱ ላይ ወዲያና ወዲህ በነፃነት መሄድ አለባቸው፤ የማይሄዱ ከሆነ ገመዱ ወፍሯል ወይም ሻክሯል ማለት ነው።

ችካሉ ከጠንካራ እንጨት፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይጠረባል፤ ከአናቱ ወረድ ብሎ ገመዱ የሚቀመጥበት ጎድጎድ ይበጅለታል። አሸዋማ መሬት ላይ ከዚህ የረዘመ ያስፈልጋል። አናቱን ደማቅ ቀለም መቀባት ጌጥ አይደለም፤ ሲመሽ ሣር ውስጥ ተረስቶ የቀረ መረብ ለማንኛውም እንስሳ ወጥመድ ስለሚሆን ሲወጡም ሲመለሱም ቆጥሮ መያዝ ይገባል።

ወደ ሜዳ ሳይወሰድ በቤት ይፈተሽ። ችካሉን አንድ ሰው ይይዛል፣ መረቡ ወለል ላይ ይዘረጋል፣ ኳስ መካከሉ ላይ በኃይል ይንከባለልበታል። ሁለቱ ቀለበቶች ተሳስበው ተገናኝተው ኳሱ ከተጠቀለለ መረቡ ይሠራል። አንዱ ጎን ዘግይቶ ከቀረ ገመዱ የሆነ ቦታ ዓይን ስቶ አልፏልና ይፈለግ።

መረቡ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲዘረጋ አንዱ ቀለበት ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆኖ ዳሩ በአፉ ዙሪያ ይተኛል፤ ችካሉ ከላይ በኩል ጠለቅ ብሎ ይመታል። አይወጠርም፤ ልል ሆኖ መተኛት አለበት። በእንግሊዝ አገር ይህን የሚያደርግ ሰው የመሬቱን ባለይዞታ ፈቃድ ይዞ መሆን አለበት፤ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ የጸናው ሕግ በማሳው ላይ ጥንቸል የመያዝን መብት ለባለይዞታው ሰጥቶታል። ባጀር የሚባለው ጥቁርና ነጭ ፊት ያለው እንስሳ መኖሪያውም ራሱም እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ሕግ የተጠበቁ ስለሆነ፣ ሰፋ ያለ አፍና ብዙ የተጋፈ አፈር የታየበት ጉድጓድ አጠራጣሪ ከሆነ አይነካም።

ከአደን መልስ የሄምፕ መረብ እርጥቡን ከተጠቀለለ በአጭር ጊዜ ይሻግታል፣ ቃጫውም ይላላል። ቅጠሉና እሾኹ ተለቅሞ፣ ጭቃው በንጹህ ውኃ ታጥቦ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር ተሰቅሎ ይድረቅ። ለማጣጠፍ ሁለቱ ቀለበቶች በአንድ ጣት ላይ ይሰኩና መረቡ ተንጠልጥሎ ይራገፋል፤ ከዚያ ለሁለት ታጥፎ ገመዱ ወገቡን ሦስት አራት ጊዜ ይዞረዋል፣ ችካሉም በመጨረሻው ዙር ሥር ይሸጎጣል። እንዲህ የታጠፈ መረብ በሚቀጥለው ጊዜ በብርድ በደነዘዘ እጅ እንኳ በአንድ መሳብ ይፈታል።