ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻ) እየዋጣችሁ ለጨጓራ ባክቴሪያ ሰገራ አታስመርምሩ

ስምንት ወር ሙሉ ከምግብ በኋላ ሆዴ ይነፋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቃር ቀስቅሶኝ አልጋ ላይ ቁጭ እላለሁ። አሞራ ገደል ወርጄ አሳ መብላትማ ተረሳ።

እዚሁ ሀዋሳ አንድ ክሊኒክ በደም ምርመራ ኤች ፓይሎሪ (ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ) «ፖዘቲቭ» አለኝ። የ14 ቀን መድኃኒት ጨርሼ ብመለስም ያው ደም፣ ያው ፖዘቲቭ። ለካ የደሙ ምርመራ የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለወራት ደም ውስጥ ይቆያል። ሌላ ቦታ የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያውን አካል ራሱን ሰገራ ውስጥ የሚፈልግ ምርመራ) አሠራሁ፤ ኔጌቲቭ። ደስ አለኝ፣ ቃሩ ግን ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ዶክተሯ ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አድርገው «ሰገራውን ሲሰጡ ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ነበር?» አሉኝ። ያን ቀን ጠዋት እንኳ ውጫለሁ! ኦሜፕራዞሉ ባክቴሪያውን ስለሚያዳክመው ምርመራው ሊስተው ይችላል አሉ።

እሳቸው ባዘዙት መሠረት ኦሜፕራዞሉን 2 ሳምንት አቆምኩ (አንቲባዮቲክ ከሆነ 4 ሳምንት ነው)። እስከዚያ ሲያቃጥለኝ የአንታሲድ ሽሮፕ እጠጣ ነበር። ሰገራ ከጠቆረ ወይም ኪሎ ከቀነሰ ግን እንዲህ አይጠበቅም፣ ቶሎ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን ካሜራ ባለው ቱቦ ማየት) ነው።

ያው የሰገራ አንቲጅን ድጋሚ ሲሠራ ፖዘቲቭ። ከፊተኛው የተለየ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። ከጨረስኩ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞል ሳልነካ፣ ኔጌቲቭ።