የአሮጌ ፔጆ 404 የእሳት ጊዜ እንዴት እንደሚስተካከል

በሐረር ፈረስ መጋላ አካባቢ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ታክሲ ሆነው ሲሠሩ የምናውቃቸው ፔጆ 404 መኪኖች ፈረንሳይ ውስጥ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተመረቱ ናቸው። በ1618 ሲሲው የቤንዚን ሞተራቸው ላይ ካንዴላው (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚፈነጥቀው ክፍል) መቼ እሳት መስጠት እንዳለበት የሚወስን ኮምፒዩተር የለም፤ ይህን የሚወስነው እሳቱን ለካንዴላዎቹ በየተራ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ሲሆን፣ ዲስትሪቢዩተሩን በልኩ የሚያስቀምጠው ደግሞ የመካኒኩ እጅ ነው። ሐረር ላይ ልክ የነበረው ድሬዳዋ ሲወርዱ ልክ ላይሆን እንደሚችል ብዙ ባለመኪና ልብ አይለውም፤ ስለዚህ ከታች የተዘረዘረው ሥራ በጋራዥ ብቻ ሳይሆን በመንገድም ላይ የሚጠናቀቅ ነው።

ቤንዚንና አየር ተደባልቀው ሲቀጣጠሉ እሳቱ ሲሊንደሩን ለመሙላት ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ፒስተኑ ጫፍ ላይ ከመድረሱ በጥቂት ዲግሪ ቀደም ብሎ ነው። እሳቱ ከዘገየ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ቤንዚንም ያለ ልክ ይበላል። ከሚገባው በላይ ከቀደመ ግን ሞተሩ ጭነት ሲይዝ ያንኳኳል፤ ይህ ማንኳኳት ችላ ከተባለ ፒስተን እስከ መስበር ይደርሳል።

ለሥራው ካቻቢቴ፣ መፍቻ፣ ክፍተት መለኪያ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ እንዲሁም ሁለት ሽቦ የተያያዘበት አነስተኛ የ12 ቮልት አምፖል ይበቃል።

መጀመሪያ የሚሠራው ፑንቲናው፣ ማለትም በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሣው መገናኛ ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል መገለባበጥ የለበትም። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሥተው ሁለቱን የመገናኛ ብረቶች ይመልከቱ፤ ፊታቸው ከተቃጠለ ወይም ጉድጓድና ጉብታ ካወጣ፣ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ ዕድሜ ከማራዘም በአዲስ መቀየር ይሻላል። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ፑንቲናውን እስከ መጨረሻው እንዲከፍተው ሞተሩን ያዙሩና ክፍተቱን ወደ 0.4 ሚሊሜትር ያስተካክሉ። ክፍተቱ ሲሰፋ ፑንቲናው ቀድሞ ስለሚከፈት እሳቱ ይቀድማል፣ ሲጠብም ይዘገያል፤ የእሳቱን ጊዜ ካስተካከሉ በኋላ ፑንቲናውን የሚነኩ ከሆነ የመጀመሪያው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በአሮጌ መኪና እሳቱ ቀስ በቀስ የሚዘገየውም አብዛኛውን ጊዜ ከዘንጉ ጋር የሚፋተገው የፑንቲናው እግር ስለሚበላና ክፍተቱ ስለሚጠብ ነው።

ቀጥሎ አንደኛው ሲሊንደር አየር አምቆ ወደ ላይ የሚመጣበትን ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል። በፔጆ ሞተር አንደኛ ተብሎ የሚቆጠረው ከፊት ያለው ሳይሆን በቮላኖው (ከሞተሩ በስተኋላ ያለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) በኩል ያለው ሲሊንደር ስለሆነ፣ ሌላ መኪና የለመደ ሰው እዚህ ላይ በቀላሉ ሊሳሳት ይችላል። ካንዴላዎቹን ሁሉ ይፍቱ፣ የአንደኛውን ቀዳዳ በተጠቀለለ ወረቀት ይወትፉ፣ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው አራተኛ ማርሽ ካስገቡ በኋላ ረዳት ወደ ፊት በቀስታ ይግፋ። ለዚህ ሥራ በሐረር ሜዳ ቦታ መፈለግ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ወረቀቱ በአየሩ ኃይል ሲወጣ ፒስተኑ አምቆ እየመጣ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በፑሌጃው (ከሞተሩ ፊት ቺንጋ የሚያዞረው ክብ ብረት) ወይም በቮላኖው ላይ ያለው የማቀጣጠያ ምልክት ከቋሚው ምልክት ጋር እስኪገጥም መግፋቱን ይቀጥሉ። ካለፈ ወደ ኋላ መልሰው እዚያው አያቁሙት፤ ብዙ መልሰው እንደገና ወደ ፊት ያምጡት፤ አለበለዚያ ዲስትሪቢዩተሩን በሚያዞሩት ጥርሶች መካከል ያለው ልልነት ልኩን ያዛባዋል።

ስንት ዲግሪ መሆን እንዳለበት በሞተሩ ዓይነት ስለሚለያይ ከመኪናው መመሪያ ይወሰድ። ምልክቱ ከጠፋና የፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ምልክት ብቻ ካለ ግን ልኩን ራስዎ ማውጣት ይችላሉ። የፑሌጃውን ዙሪያ በክር ይለኩ፣ ለ360 ያካፍሉ፣ በሚፈለገው ዲግሪ ያባዙ። ለምሳሌ ዙሪያው 450 ሚሊሜትር ቢሆን 10 ዲግሪ 12.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ አዲሱን ምልክት ፑሌጃው በሚዞርበት አቅጣጫ ከጫፉ ምልክት አስቀድመው በነጭ ቀለም ያድርጉ።

አሁን የአምፖሉን አንድ ሽቦ ከቦቢናው (ለእሳቱ ከፍተኛ ቮልት የሚፈጥረው ጥቅል) የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ከሚያርፍበት ቦታ፣ ሁለተኛውን ከንጹሕ የሞተር ብረት ጋር ያገናኙና ቁልፉን ይክፈቱ። ፑንቲናው ሲዘጋ አምፖሉ ይጠፋል፣ ሲከፈት ይበራል። የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ ጥቂት ያላሉና፣ መላ አካሉን በመጀመሪያ የውስጡ ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ አምፖሉ እስኪጠፋ፣ ቀጥሎ በተቃራኒው አምፖሉ ገና ብልጭ እስኪል ድረስ በቀስታ ያዙሩት፤ እዚያው ያጥብቁት። ቁልፉን ከፍተው ብዙ አይቆዩ፤ ፑንቲናው ተዘግቶ ከቆየ ቦቢናው ይሞቃል። ክዳኑን ሲመልሱ የካንዴላ ሽቦዎቹ 1-3-4-2 በሚለው ተራ መያዛቸውን ያረጋግጡ።

የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በመንገድ ላይ ነው። በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 40 ኪሎሜትር ያህል እየሄዱ ነዳጅ መስጫውን በሙሉ ሲረግጡ ለአፍታ ቀላል መንቀጭቀጭ ቢሰማ አያስጨንቅም፤ ድምፁ ከቀጠለ ግን ዲስትሪቢዩተሩን ዘንጉ በሚዞርበት አቅጣጫ በጥቂቱ በማዞር ያዘግዩት። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሐረር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ያነሰ ነው፤ ሞተሩም ቀደም ያለ እሳት ያለ ማንኳኳት ይችላል። ያው መኪና ድሬዳዋ ሲደርስ የጠነከረ አየርና ብርቱ ሙቀት ይጠብቁታል። ወደ ታች ሲወርድ ምንም ላይሰማ ይችላል፤ ጭነት ይዞ በቀትር በሐረር መንገድ ላይ ወዳለው ደንገጎ ዳገቱን ሲጀምር ግን ማንኳኳቱ ይመጣል። በእኔ አስተያየት በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ መኪና በድሬዳዋ ሙቀት ተሞክሮ መስተካከል አለበት፤ ሐረር ላይ የሚያጣው ጉልበት ትንሽ ነው። ከሐረር የማይወጣ መኪና ከሆነ ከፋብሪካው ልክ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ማስቀደም ይቻላል።

ከሙከራው በኋላ ማሰሪያውን እንደገና ያጥብቁ፣ የፑንቲናው እግር በሚነካው የዘንግ ፊት ላይም እጅግ ጥቂት ግራሶ ይቀቡ፤ ከበዛ ተረጭቶ ፑንቲናውን ያበላሻል።