የፈረስ ጭራ ተክልን ከስፖሩ እስከ ቡቃያው እንዴት መከታተል ይቻላል

የፈረስ ጭራ (ኢኩዊሴተም) አበባም ዘርም የለውም፤ ፈርን እንደሚባለው አበባ አልባ ተክል በስፖር (እንደ ዱቄት በደቀቀ የመራቢያ ቅንጣት) ይራባል። ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት 30 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ዘመዶች ነበሩት። በአገራችን የሚገኘው ዝርያ ኢኩዊሴተም ራሞሲሲመም ይባላል።

1. ፍለጋ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ሲወርዱ በየጅረቱ ዳር ያለውን አሸዋና ጠጠር ይፈትሹ። ግንዱ ቀጭን፣ ባለ አንጓ፣ ውስጡ ክፍት ነው። በሩቁ ሳር ቢመስልዎት አንጓውን ይዩ፦ ቅጠሎቹ ጥርስ ያለው ቀለበት ሆነው ዙሪያውን ይዘውታል፣ ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴው ግንድ ነው። ሲዳስሱት ይሻክራል፤ ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ ያለው ጠንካራ ማዕድን) ስላለበት ነው። አውሮፓውያን በዚሁ የተነሳ ዕቃ ይፈትጉበት ነበር።

2. መቁረጥ። ስፖሩ ያለው በግንዱ ጫፍ ላይ ባለው ትንሽ ኮን (ቅርፊት የተደረደረበት ሞላላ ራስ) ውስጥ ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርፊቶቹ ገጥመው ከተዘጉ ይተዉት፤ መራራቅ ከጀመሩ ደርሷል። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይቁረጡና በወረቀት ይጠቅልሉት፤ ፌስታል ያልበዋል።

3. ነጭ ወረቀት ላይ ያሳድሩት። አረንጓዴ ዱቄት ያራግፋል።

4. ማየት። ልፋቱ የሚካሰው እዚህ ላይ ነው። ከዱቄቱ ቆንጥረው በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ይመልከቱ። እያንዳንዱ ስፖር አራት ጥብጣቦች አሉት። ቀስ ብለው ይተንፍሱበት፤ ጥብጣቦቹ ወዲያው ይጠቀለላሉ። ሲደርቁ መልሰው ይዘረጋሉ፣ ስፖሩም ይንፏቀቃል፣ አንዳንዴም ይዘላል። ነፍስ ያለው ነገር ቢመስልም ሥራው የእርጥበት ብቻ ነው። ደረቅ አየር ላይ የተዘረጋውን ነፋስ ያነሳዋል፤ እርጥብ ቦታ ሲደርስ ተጠቅልሎ ያርፋል። ልጆች ካሉ ቅድሚያውን ለእነሱ ይስጡ፣ ያለዚያ ማይክሮስኮፑን አያገኙትም።

5. መዝራት። ስፖሩ አረንጓዴ ስለሆነ ዕድሜው አጭር ነው፣ በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ስለዚህ አያቆዩት። አሸዋማ አፈር ላይ የፈላ ውሃ ያፍሱ (ሻጋታውን ይቀንሳል)፤ ሲቀዘቅዝ ስፖሩን ከላይ ይበትኑ፣ አፈር አያልብሱት። ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ አድርገው ብርሃን ያለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ያስቀምጡት። ደብረ ብርሃን ከሆኑ በኅዳርና በታኅሣሥ ከውርጩ ይጠብቁት።

ከሳምንታት በኋላ ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆን አረንጓዴ ነገር ይወጣል። ይህ ጋሜቶፋይት ነው፤ ወንዴና ሴቴ ህዋሶች የሚፈጠሩት በእሱ ላይ ነው። ወንዴው ህዋስ ወደ ሴቴው የሚደርሰው በውሃ ላይ ዋኝቶ ስለሆነ በየጊዜው ውሃ ይርጩበት። ከተዳቀለው ላይ አንጓ ያላት ቡቃያ ብቅ ትላለች። አብዛኛው ሳይበቅል ይቀራል፤ ተክሉ በሜዳ በብዛት የሚስፋፋውም ከመሬት በታች በሚሳብ ግንዱ ነው። ከዚህ ግንድ የተቆረጠ ቁራጭ ይበቅላልና ማሳ ዳር አይጣሉት። ለፈረስም አያብሉ፤ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ታያሚኔዝ የተባለ ኢንዛይም አለው።