አበባው ያማረ አረም መርዛማ መሆኑን እንዴት እንለያለን?

ጓሮ ውስጥ ማንም ሳይዘራው የበቀለ፣ አበባው የሚያምር ተክል ሲገኝ ለመንቀል እጅ ያመነታል። እኔም አንድ ጊዜ አስተናግርን ውሃ እያጠጣሁ አሳድጌያለሁ። ረዥም ነጭ አበባው ወደ ማታ ሲከፈት ማየት ደስ ይለኝ ነበር። አበባው ላይ ስላፈጠጥኩ ሌላውን አላየሁም።

1. ጓንት አድርጉ። ዓይናችሁን አትንኩ፤ በጭራሽ አትቅመሱ። ወፍ የበላው ፍሬ ሁሉ ለሰው አይሆንም።

2. ግንዱን እዩ። ሄምሎክ የሚባለው አረም ነጭ አበባው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ነው፤ ከዱር ካሮት ጋር በቀላሉ ያምታታል። የካሮቱ ግንድ ጸጉራም ነው። የሄምሎክ ግንድ ግን ልሙጥ ነው፤ ውስጡ ክፍት ሲሆን ላዩ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለው። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ሶቅራጥስ የሞተው ይህንን ጠጥቶ ነው ይባላል። የወፍ ቆሎ ደግሞ በአንድ እቅፍ ላይ ቢጫና ሮዝ አበባ ያወጣል። ግንዱን ብትዳስሱት አራት ማዕዘን ነው፣ ይቧጭራል። በተለይ ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬው አደገኛ ነው። ከብት ከበላው ጉበቱን ይጎዳል።

3. ፍሬውን ፈልጉ። እኔን የሸወደኝ እዚህ ላይ ይታወቅ ነበር። የአስተናግር ፍሬ እሾሃማ ነው፣ ሲደርቅ አራት ቦታ ይሰነጠቃል። ቅጠሉ ሲታሽ ይከረፋል። አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉት። ስሙም ያለ ነገር አልወጣለትም፦ የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ የሌለ ነገር እያየ ይቀባጥራል። ጉሎም ፍሬው እሾሃማ ነው፤ ቅጠሉ ግን እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጋ ነው። ዝንጉርጉርና አብረቅራቂ ዘሩ ልጆችን ይማርካል። ራይሲን የሚባለው መርዝ ያለውም እዚያው ዘሩ ውስጥ ነው።

4. ቅጠሉን በጠስ አድርጉ። ነጭ ወተት ከወጣው ተጠንቀቁ። ወተት ያለው ሁሉ መርዝ አይደለም፤ የነቅንጭብ ወተት ግን ቆዳ ያቆስላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል።

5. አበባውን፣ ግንዱን፣ ፍሬውንና የቅጠሉን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱና ለግብርና ባለሙያ አሳዩ። የስልክ አፕ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

6. ዘር ሳይዝ ከነሥሩ ንቀሉት። የአስተናግር ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የነቀላችሁትን አታቃጥሉ፤ የአንዳንዱ ጭስ ራሱ ይጎዳል።

ልጅ ቀምሶ ከተገኘ አፉን አጽዱለት፤ እንዲያስታውክ ግን አታስገድዱት። ከተክሉ ቁራጭ በላስቲክ ያዙና ቶሎ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።