ከዘሩ በፊት መረቡ፦ የአበባ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ምን ምን ይግባ?

በመጀመሪያው ዓመት ሁለት መደብ ሙሉ ስናፕድራጎን የሚባል ረጅም ግንድ ያለው አበባ ነበረኝ። ቁመቱ ወገቤ ደርሷል። አንድ ማታ ኃይለኛ ነፋስ መጣ። ሁለቱንም በር ክፍት ትቼ ስለነበር ጠዋት ስገባ ግማሹ ተኝቷል። ሥራ በዝቶብኝ «ነገ አቃናዋለሁ» ብዬ ሄድኩ። በማግስቱ የወደቀው ሁሉ ጫፉን ወደ ላይ ቆልምሟል። መንጠቆ በሉት። ታችኛውን ቀጥ ሳደርገው ጫፉ ወደ ጎን ይሄዳል። አበባው ራሱ እንከን የለውም፣ ግን እንዲህ የተጣመመ ግንድ እቅፍ ውስጥ አይገባም። እንደዚያ አድርጎ ያናደደኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከመረብ ጀምሩ እላለሁ። ብዙ ሰው ገንዘቡንም ሐሳቡንም ብረቱና ፕላስቲኩ ላይ ይጨርሳል። የውስጡ ዕቃ «ቀስ እያለ ይሟላል» ይባላል። አበባ ግን አይጠብቃችሁም።

የአበባ መደገፊያ መረብ ዓይኑ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ይበቃል። የመደቡ ስፋት 1 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከሁለቱም በኩል እጃችሁ መሐል ይደርሳል። በመደቡ ግራና ቀኝ በየ2 ሜትሩ ቋሚ ትከሉ። ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉት ወፍራም ይሁኑ፣ በሰያፍም ይደገፉ፤ የመረቡን ጉልበት የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። መረቡን ችግኙ ገና አጭር ሳለ ሁለት ደርብ አድርጋችሁ ወጥሩት። የታችኛው ከመሬት 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆያል። የላይኛውን ተክሉ ባደገ ቁጥር ከፍ ታደርጉታላችሁ። በመዳፋችሁ ጫን በሉት። ከረገበ እንደገና ሳቡት። ካደገ በኋላ አለብሰዋለሁ ካላችሁ እያንዳንዱን ግንድ በየዓይኑ ስታስገቡ እምቡጡን ትሰብራላችሁ።

ቀጥሎ አየር ነው። ማታ ውጭው ሲቀዘቅዝ የውስጡ እርጥበት ፕላስቲኩ ላይ ውሃ ሆኖ ይጠራቀምና ይንጠባጠባል። ጠዋት አንድ የተከፈተ አበባ ቀረብ ብላችሁ እዩ። የአበባው ቅጠል (ባለ ቀለሙ) ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ካያችሁ አትናቋት። በጥቂት ቀን ቡናማ ትሆናለች፣ ከዚያ ግራጫ ሻጋታ ያበቅላል። ቦትራይተስ የሚሉት ይሄ ነው። አንዴ ከገባ የተበላሸውን ለቅሞ ከማውጣትና አየር ከማስገባት የተሻለ ነገር አላየሁም። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ሰፊ በር፣ በሁለቱም ጎን ደግሞ የሚጠቀለል ፕላስቲክ ይኑር። ክፍት ቦታው ተደምሮ የወለሉን ስፋት አንድ አምስተኛ ቢያህል ይመረጣል። ብርድ ቢሆንም ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ክፈቱ፤ እርጥቡ አየር ይውጣ። ነፋስ ሲያስፈራ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ዝጉ። እኔ ያን ማታ ያላደረግሁት ይህንን ነው።

ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር በአበባው ቁመት ልክ ስቀሉ፤ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው ከለል አድርጉት። ቀኑን ሙሉ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚውል ከሆነ አበባው ይቸኩልና ግንዱ አጭር ሆኖ ይቀራል። ያኔ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚያጠላ ሼድ ኔት ከላይ ጣል አድርጉ። ሙቀቱ ሲያልፍ አንሱት። ብርሃን ያነሰው ግንድ ይቀጥናል።

ውሃው በጠብታ ይሁን። ለ1 ሜትር መደብ 3 ወይም 4 መስመር፣ ቀዳዳው በየ20 ሴንቲ ሜትሩ። ማጣሪያ ሳትገጥሙ አትጀምሩ፤ ትንሽ አሸዋ መስመሩን ሁሉ ይደፍነዋል። የየመስመሩን ጫፍ አልፎ አልፎ ከፍታችሁ እጠቡት። ጠዋት አጠጡ። እምቡጡ ቀለም ማሳየት ከጀመረ በኋላ ከላይ ውሃ አትርጩ። አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ዝናብ አይገባም፣ ስለዚህ የማዳበሪያ ጨው ታጥቦ አይወርድም። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ፣ አንዱን ተክል አንስታችሁ ሌላውን ከመትከላችሁ በፊት መደቡን በብዙ ውሃ እጠቡት።

ስለ ፕላስቲኩ ብዙ አልልም። የፀሐይ ጨረር መከላከያ ያለው፣ ውፍረቱ 200 ማይክሮን ይሁን። ሞቅ ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን አልብሱት፤ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይወጠራል። ብረቱ በፀሐይ ግሎ የነካውን ፕላስቲክ ይበላዋል፣ ስለዚህ በቅስቱ ላይ መለያያ ቴፕ ለጥፉ። ትሪፕስ ለሚባለው አበባ የሚጎዳ ጥቃቅን ነፍሳት ሰማያዊ፣ ለነጭ ዝንብና ለክሽክሽ ቢጫ ማጣበቂያ ወጥመድ ከተክሉ ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ወጥመዱ ተባዩን አይጨርስላችሁም። ጥቅሙ ቁጥሩ ሲጨምር ቶሎ እንድታዩት ነው።

በመደቦቹ መሐል ግማሽ ሜትር መንገድ ተዉ። ጠባብ መንገድ ላይ ባልዲው የዳሩን አበባ ይመታል። በሩ አጠገብ ጥላ ያለው ቦታ አዘጋጁ። ባልዲና መቀሱን በበረኪና እጠቡ፣ ደህና አድርጋችሁም አለቅልቁ። ከዚያ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ባልዲውን ውሃ ሞልታችሁ ግቡ። አበባ ቆርጣችሁ ባልዲ ፍለጋ አትውጡ።