ታሽተው ተሻለዎት፣ በሳምንቱ ተመለሰ፦ በቆየ የአንገት ሕመም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ አንገቱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ነፋሱን ነው። «የጣና ብርድ መታኝ» ይላል፤ ሻርፕ ይጠመጥማል፣ ቬንትሌተሩን ያጠፋል፣ ይታሻል። ሁለት ሦስት ቀን ይቀለዋል፣ ከዚያ ያው ይሆናል። ብርድ ጡንቻን ሊያኮማትር ይችላል፤ ሕመሙ 3 ወር ካለፈው ግን ጥፋተኛው ነፋስ ብቻ አይደለም። «የቆየ» የሚባለውም ከዚህ ጀምሮ ያለው ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚሻለው የባለሙያ እጅና ቀላል እንቅስቃሴ ሲጣመሩ ነው። «ሁለቱንም ሞክሬያለሁ» የሚል ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አላጣመራቸውም። ሰኞ ታሽቷል፣ ሐሙስ ትዝ ሲለው አንገቱን ሁለት ጊዜ አዙሯል።

እሽቱን መድኃኒት፣ እንቅስቃሴውን ምርቃት ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ብዙ ሰው ባለሙያው አጥንቱን ወደ ቦታው የሚመልስለት ይመስለዋል። የአንገት አጥንት በእርግጥ ከቦታው ከወጣ ጉዳዩ የድንገተኛ ክፍል ነው፤ በእሽት አልጋ ላይ አይስተካከልም። እጅ የሚሠራው ሌላ ነው፦ የሕመም ስሜቱን ለጊዜው ያበርዳል፣ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፣ አልዞርም ያለው መገጣጠሚያ ትንሽ ፈቀቅ እንዲል ያደርጋል። ይህ እፎይታ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ይቆያል። በዚያ መሐል አንገቱ ሥራ ካልሠራ፣ የደከመው ጡንቻ እንደደከመ ስለሆነ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የእጅ ሕክምና፣ ወዲያው ከአልጋው ሳይወርዱ ከታች የምንገልጸው የአገጭ ልምምድ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው አንገትን ወደ ቀኝና ወደ ግራ 10 ጊዜ በዝግታ ማዞር። እሽቱ የከፈተልዎትን አዲስ ስፋት ያኔውኑ ይጠቀሙበት። ታሽቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ ቤት ገብቶ መተኛት ደስ ይላል፣ ግን የከፈሉበትን ነገር ማባከን ነው።

ባለሙያው አሽቶ «በሳምንቱ ይምጡ» ብቻ ብሎ ከሸኘዎት «ቤት ምን ልሥራ? በቀን ስንት ጊዜ?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ከሌለው ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ። ስድስት ጊዜ ያህል ሄደው ምንም ለውጥ ካላዩም ሰባተኛውን ቀጠሮ ከመያዝ በፊት ዕቅዱ ራሱ ይፈተሽ።

አንገት ማስጮህ

ጸጉር ቤት ተላጭተው ሲጨርሱ ጭንቅላትዎን ይዞ በድንገት ቀጭ የሚያደርግ አለ፤ ወጌሻ ዘንድም ሄዶ «አዙርልኝ» የሚል አለ። ድምፁ ሰውን ያታልላል። ቀጭ ያለው አጥንት ገብቶ አይደለም፤ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ጋዝ አረፋ ሲፈጥር የሚሰማ ነው። ድምፅ ስለተሰማ ሕክምናው ሠራ ማለት አይደለም፣ ስላልተሰማም አልሠራም አይባልም።

ወጌሻን ማንቋሸሻችን አይደለም፤ አንገት ግን ቁርጭምጭሚት አይደለም። በአንገት አጥንቶች ጎንና ጎን ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች ያልፋሉ። በኃይል ተጠምዝዞ የሥሩ ግድግዳ ቢሰነጠቅ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ለቆየ ሕመም ደግሞ ያን ያህል ኃይል አያስፈልግም፤ ዝግ ያለ፣ በማንኛውም ሰዓት «ይብቃ» ሊሉት የሚችሉት ግፊት ይበቃል።

ማንም አንገትዎን ከመንካቱ በፊት የሚከተሉት ካሉብዎት ሐኪም ይይዎት፦

እጅ እየሰነፈ ቁልፍ መቆለፍ ወይም ብዕር መያዝ ካቃተ፣ እግር ከተንገዳገደ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካስቸገረ፤ ይህ የሕብለ ሰረሰር መጨቆን ምልክት ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት ካለ፤ ቲቢ አከርካሪንም ይይዛል፣ በቲቢ የተበላ አጥንትን ማሸት ደግሞ አደገኛ ነው። ከባጃጅ አደጋ ወይም ከውድቀት በኋላ የጀመረ ሕመም ከሆነ። የመገጣጠሚያ ቁርጥማት በሽታ ወይም የአጥንት መሳሳት ካለብዎት፣ ወይም ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ። ድንገት የመጣ፣ ከዚህ በፊት የማያውቁት ዓይነት የአንገት ወይም የራስ ሕመም ከማዞር፣ ሁለት ሁለት ከማየት ወይም ከምላስ መተሳሰር ጋር ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።

አንገትን እንደ ወፍጮ ማዞር

«ስፖርት ሥሩ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ጭንቅላቱን ሙሉ ክብ ማሽከርከር ነው። ያስጮኸዋል፣ ያዞረዋል፣ የሚያጠነክረው ነገር ግን የለም።

ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ሸክም ቀኑን ሙሉ አረጋግተው መያዝ ያለባቸው ከጉሮሮ ኋላ፣ አከርካሪው ፊት ላይ የተለጠፉ ቀጫጭን ጥልቅ ጡንቻዎች ናቸው። ሕመም ሲቆይ እነሱ ይሰንፋሉ፤ ሥራቸውን የላይኞቹ ትልልቅ ጡንቻዎች ይረከባሉ። ማጅራትዎ ማታ ማታ እንደ እንጨት የሚደርቀው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ልምምዱ የሰነፉትን መቀስቀስ ነው፤ ሲያዩት ደግሞ ምንም የተሠራ አይመስልም።

በጀርባዎ ይተኙ፣ ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን መሬት ያስረግጡ። ከጭንቅላትዎ ሥር አንድ የታጠፈ ፎጣ ያድርጉ፤ ግንባርዎና አገጭዎ እኩል ከፍታ ላይ እስኪሆኑ ድረስ እጥፉን ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። አሁን ጭንቅላትዎን ከፎጣው ሳያነሱ በጣም ትንሽ «እሺ» ይበሉ። ትንፋሽ ስበን፣ ቅንድብ አንሥተን «አዎ» የምንለውን አይደለም፣ የእሱን ተቃራኒ ነው፦ አገጭ ወደ ጉሮሮ ዝቅ ይላል፣ ማጅራት ይረዝማል። እንቅስቃሴው ከ1 ወይም ከ2 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም።

ሁለት ጣትዎን በአንገትዎ ጎን ያሳርፉ፤ ከጆሮ ኋላ ተነሥቶ ወደ ደረት የሚወርደው ገመድ የመሰለ ጡንቻ ላይ። ገመዱ ከጠነከረ አብዝተዋል፤ በተሳሳተው ጡንቻ እየሠሩ ነውና ግማሹን ይቀንሱ። ገመዱ ልስልስ እንዳለ እንቅስቃሴው ከቀጠለ አግኝተውታል። ጥርስዎን አይንከሱ፣ ትንፋሽዎንም አይያዙ።

በመጀመሪያው ሳምንት 5 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 5 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ 10 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ። በመሐሉ ጥቂት ሰከንድ ያርፉ። ሰባተኛው ላይ አንገትዎ መንቀጥቀጥ ከጀመረ የዚያ ቀን ልክዎ ስድስት ነው፤ አሥር ለመሙላት ብለው አይታገሉ።

ትከሻን መርሳት

አንገትን ከትከሻ ጋር የሚያያይዙት ጡንቻዎች ደካማ ከሆኑ የአንገት ልምምዱ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። ለዚህ የሚለጠጥ ላስቲክ ያስፈልጋል፤ ብስክሌት በሞላበት ከተማ ደግሞ የሚገዛ ነገር አይደለም። የተጣለ የብስክሌት ካላማዳሪያ ከጎማ ሠሪ ይለምኑ፣ ቫልቩ ያለበትን ቁራጭ ቆርጠው ያውጡ፣ በሳሙና ይጠቡት። እየለጠጡ ሲያዩት ስንጥቅ ካለው አይጠቀሙበት፤ ሲበጠስ ዓይን ላይ ይመታል።

ካላማዳሪያውን በመስኮት ብረት ዙሪያ አሳልፈው በደረትዎ ቁመት ሁለቱን ጫፍ ይያዙ። ክርንዎን ወደ ኋላ ሲስቡ ትከሻ ወደ ጆሮ አይውጣ፤ የትከሻ አጥንቶችዎ ወደ ኋላና ትንሽ ወደ ታች ይምጡ። ስቦ 2 ሰከንድ መያዝ፣ በ3 ሰከንድ መልቀቅ። 10 ጊዜ፣ ትንሽ አርፎ እንደገና 10 ጊዜ፣ በሳምንት 3 ቀን። አብዛኛው ሰው ሲስብ ጎበዝ ነው፣ ሲለቅ ግን ወርውሮት ነው የሚለቀው። ዝግ ብሎ መልቀቁም የልምምዱ አካል ነው።

ሕመምን ማንበብ አለመቻል

እዚህ ላይ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ገና ትንሽ ሲጠዘጥዘው «ጎዳኝ» ብሎ ያቆማል። ሌላው «ሳያም አይድንም» ብሎ ጥርሱን ነክሶ ይገፋል። ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት። በልምምዱ ጊዜ ከነበረበት በ2 ቢጨምርና እስከ ማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ቢመለስ ችግር የለም፤ ለወራት ያልሠራ ጡንቻ ሲቀሰቀስ እንዲህ ነው። በማግስቱም ከፍ እንዳለ ከቆየ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ። ሕመሙ ወደ ክንድና ጣት ከወረደ ወይም ጣትዎ ከደነዘዘ ያንን ልምምድ ያቁሙና ባለሙያዎን ያማክሩ።

ትንንሾቹ

የአንገት ማሰሪያ ለቆየ ሕመም አይመከርም፤ የደከመውን ጡንቻ ይበልጥ ያሰንፋል። ሻርፕ ለሙቀት ይሁን፣ አንገት ላለማንቀሳቀስ ሰበብ አይሁን። «ራጅ ላይ አጥንቴ ተበልቷል ተብያለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ 40 ዓመት ካለፈ በኋላ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ እንዲህ ያለ ለውጥ ምንም በማያማቸው ሰዎች ራጅ ላይም በብዛት ይታያል፣ ራሱን የቻለ ፍርድ አይደለም። በየሳምንቱ ዲክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ መወጋት ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ትራስ በጎን ሲተኙ በጆሮና በትከሻ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ይሁን፤ ሁለት የጥጥ ትራስ መደራረብ አንገትን ያጣምማል፣ በሆድ መተኛት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ያዞረዋል።

«ቀጥ ብሎ መቀመጥ» ያድናል ብሎ ማመን

እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ስምንት ሰዓት መቀመጥ ጎብጦ ስምንት ሰዓት ከመቀመጥ እምብዛም አይሻልም። አንገት የሚጠላው አንድ ቦታ መቆየትን ነው። ሸማኔው ድሩ ላይ፣ አሣ አጥማጁ መረብ ሲጠግን፣ ተማሪው ስልኩ ላይ፣ ሁሉም አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰዓት ይቆጥራል። በየ30 ደቂቃው ቀና ብሎ ትከሻን 5 ጊዜ ወደ ኋላ ማንከባለል፣ አንገትን ወደ ሁለቱም ጎን ማዞር፤ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሸማኔው መወርወሪያው ላይ አዲስ ቀሰም ሲከት፣ የባጃጅ ሹፌሩ ተራ ሲጠብቅ ሊሠራው ይችላል።

ብስክሌት ነጂዎች አንድ ነገር ይመልከቱ፦ መሪው ከመቀመጫው ዝቅ ካለ ሰውነትዎ ወደ ፊት ይደፋል፣ መንገዱን ለማየት ደግሞ አንገትዎን ወደ ኋላ መቀልበስ ግድ ይሆናል። መሪውን ከመቀመጫው እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ማድረግ በመፍቻ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሲያነሱት ግን የመሪው ግንድ ላይ ከተሠመረው የመጨረሻ ምልክት አያሳልፉት፣ ይነቀላል።

ሲሻል ማቆም

በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ይቀንሳል፣ ፎጣውም ወደ ቁም ሣጥን ይመለሳል። ሕመም የሚቀንሰው ጡንቻ ከመጠንከሩ በፊት ነው፤ ጥንካሬ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ከ12 ሳምንቱ በኋላ የአገጩን ልምምድ በሳምንት 3 ቀን፣ የካላማዳሪያውን 2 ቀን ማድረግ ይበቃል። እሽቱን ግን ቀድመው ያራርቁት፦ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከነበረ ወደ አንድ፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ከዚያ መተው። ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት እንደገና ተይዘው ቢነሱ ሁሉንም ከዜሮ አይጀምሩ፤ ለ2 ወይም 3 ቀን ቁጥሩን በግማሽ ቀንሰው፣ ማጅራትዎ ላይ በሙቅ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ ለ15 ደቂቃ አድርገው ይቀጥሉ።